ባዶ የተመለሰ ምሳ ዕቃ

ሰኔ 18 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ሰኞ ዕለት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ድንቅነሽ ምሳ ዕቃውን ከዘበኛው እጅ ተቀብላ እዚያው በሩ ላይ ከፈተችው። ባዶ ነበር። ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች። ወጡ እንኳ ሳይቀር ተጠርጎ፣ ታቹ ታጥቦ የወጣ ይመስል ነበር።

«ወርቅ ጠፋብሽ እንዴ?» አላት ዘበኛው ዋጋሪ። እሱም እንደነሱ የነቀምቴው የጨለለቂ ሰፈር ሰው ነው፤ አባቷን ከመታሰሩ በፊት በደንብ ያውቀው ነበር።

«ምንም አይደለም፣ ኦቦ ዋጋሪ።»

«እንግዲያው ዘወር በይ። ከኋላሽ ሰው አለ።»

ግቢው ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። አሁን እስረኛ ይጠበቅበታል። የድንቅነሽ አባት ገቢሳ፣ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪና የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ የነበረው፣ ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ እዚያ ነው። ለምን እንደታሰረ የነገራቸው የለም። ገብቶ ማየት ክልክል ነው። ደብዳቤ አይገባም፣ አይወጣም። የሚገባው ስንቅ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያቀብለው ስሙ መዝገብ ላይ የሰፈረ አንድ ሰው ነው።

መጀመሪያ የተመዘገበችው እናቷ ድርቤ ነበረች። በጥር ወር አንድ ዘበኛ ወረቀት ተደብቆ እንደሆነ ለማየት ምግቡን በእንጨት ሲወጋጋ፣ ድርቤ መታገሥ አቃታት። «ከብት በነዳህበት ዱላ የሰው እህል ትወጋለህ?» ብላ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸችበት። ስሟን ሰረዙት። በምትኩ የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጇ ተመዘገበች። «ከእንግዲህ ስም መቀየር የለም» አሏቸው። «ይቺ ከቀረች ስንቁም ቀረ።»

ገቢሳ ቤት ሳለ አንድ ልማድ ነበረው። ምግቡን በልቶ አይጨርስም። የመጨረሻዋን ጉርሻ፣ ያውም ጥሩዋን፣ ወደ ሳህኑ ጠርዝ ገፋ አድርጎ ይነሳል። «ኩን ከን ኢንተላ ኮቲ» ይላል በኦሮምኛ። ይህ የልጄ ነው ማለቱ ነው። ብዙ አባቶች ለልጅ ያስተርፋሉ። ገቢሳ ግን ታሞ እንኳ፣ ከሁለት ጉርሻ በላይ በማይወርድለት ጊዜ፣ አንዷን ያስተርፍ ነበር።

ከታሰረም በኋላ አልተወውም። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ ምሳ ዕቃው ሲመለስ አንዲት ጉርሻ ጠርዙ ላይ ተለጥፋ ትገኛለች። ድንቅነሽ መንገድ ላይ ቆማ ትበላታለች። ትቀዘቅዛለች፣ አንዳንዴም ትደርቃለች። ሆኖም ከደብዳቤ በላይ ነበረች።

ጉርሻዋ ከቀረች ሦስት ሳምንት ሆናት።

*

«አሁንም ጠርጎ በላ?» አለች ድርቤ፣ ክዳኑን ከፍታ። ፊቷ በራ። «ተመስገን! ሰውነቱ ተመለሰ ማለት ነው። ምግብ የሚዘጋው ሰው እኮ ነበር።»

«አዮ» አለች እናቷን በኦሮምኛ ጠርታ፣ «የእኔን አላስተረፈም።»

«አንቺ ደግሞ! አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶሽ የአባትሽን ትራፊ ትጠብቂያለሽ? በልቶ ከጠገበ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» ምሳ ዕቃውን ባልዲው ውስጥ ነከረችው። «እንዲያውም ምልክት ነው። በርትቷል። አንቺም ልብሽ ሳይከፈል ሂጂ።»

መሄዱ ለሐሙስ ነበር። በከተማው ክሊኒክ አምስት ዓመት የሠራችው ፊሊፒንሳዊት ነርስ፣ ሲስተር ኔሊ፣ ሥራዋ አብቅቶ ወደ አገሯ ልትመለስ ነው። አገሯ ዱማጌቴ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ናት። ድንቅነሽን ይዛት ልትሄድ፣ እናቷ ቤት አስቀምጣ ልታስተምራት ጠይቃለች። የመውጫ ፈቃዱ በቤተ ክርስቲያን ሰዎች በኩል ከአዲስ አበባ ተገኝቷል። እንዴት እንደተገኘ ማንም አልጠየቀም። የሚያገለግለው እስከ ሰኔ መጨረሻ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ እንደማይገኝም ሁሉም ያውቃል።

«እኔ ከሄድኩ ስንቁን ማን ያቀብላል?» አለች ድንቅነሽ።

«እግራቸው ላይ ወድቄ እለምናለሁ።»

«አንቺ? አንቺ እግር ላይ ትወድቂያለሽ?»

ድርቤ ሳትፈልግ ሳቋ መጣ። ከዚያ ፊቷን ወደ ባልዲው መለሰች፤ ምሳ ዕቃውንም ከሚያስፈልገው በላይ ስትፈትግ ቆየች።

*

ማክሰኞ ጠዋት ቦኖው ጋ ሰልፍ ነበር። ጓደኛዋ ሙሉነሽ፣ የልብስ ሰፊው የዘነበ ልጅ፣ ሲስተር ኔሊ ለድንቅነሽ የሰጠቻትን የዱማጌቴ ፖስት ካርድ ከእጇ ነጥቃ አገላብጣ አየችው። ሰማያዊ ውኃ፣ ነጭ አሸዋ፣ ወደ ውኃው ያዘነበለ ረጅም ዛፍ።

«ከዲዴሳ ወንዝ ይሰፋል?»

«ዲዴሳ እኮ ማዶው ይታያል። ይሄ ማዶ የለውም።»

«ማዶ ከሌለው ሰው ወዴት ይሻገራል?»

«አይሻገሩም። ዳሩ ላይ ተቀምጠው ያዩታል። እሁድ እሁድ ደግሞ ይዋኙበታል አለች ሲስተር ኔሊ።»

«ልብሳቸውን አውልቀው? የመዘምራን መሪ ልጅ፣ ያውም በእሁድ ቀን!» ሙሉነሽ ሳቀች። ከፊታቸው የቆመችው ሴትዮ ዞር ብላ ስትገላምጣቸው ድምፅዋን ቀነሰች። «ስሚኝ፣ ፋራ አትሁኚ። እዚህ ምን አለሽ? የአሳሪ እጅ እያየሽ ማርጀት ነው? እኔ ብሆን በባዶ እግሬ ነው የምሄደው።»

«የአንቺ አባት ቤቱ ነው ያለው።»

ሙሉነሽ ፖስት ካርዱን በቀሚሷ ጠርጋ መለሰችላት። ተራቸው ሲደርስም የድንቅነሽን ባልዲ ከራሷ አስቀድማ ቧንቧው ሥር አስቀመጠችው።

ከቦኖው መልስ ድንቅነሽ ወደ ክሊኒኩ ሄደች። የሲስተር ኔሊ ቤት ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ወለሉ ላይ ሁለት ሻንጣ ብቻ ቀርቷል።

«ና፣ ተቀመጥ» አለቻት ሲስተር ኔሊ። በአምስት ዓመት ውስጥ ሴትን እንደ ወንድ መጥራት አልተወችም። አንደኛው ሻንጣ ላይ ተቀመጡ።

«ልሂድ ወይ ብዬ አባቴን መጠየቅ ፈልጌ ነበር» አለች ድንቅነሽ። «ግን መንገድ የለም።»

ሲስተር ኔሊ የሻንጣውን ማሰሪያ አጠበቀች። «የእኔ አባት የሞተ ጊዜ እኔ እዚህ ነበርኩ። ቴሌግራሙ የመጣ በአሥራ አንድ ቀን ነው። አሥራ አንድ ቀን ስስቅ፣ ስበላ፣ መርፌ ስወጋ ነበር። እሱ ግን ተቀብሯል።» እጆቿን አየች። «እኔ ‹ና› አልልም፣ ‹ቅር› አልልም። መኪናው ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት ጠዋት ይነሳል። ባሕሩ ቆንጆ ነው። ግን ባሕር ነው፣ አባት አይደለም።»

*

በዚያው ቀን በር ላይ ድንቅነሽ ዋጋሪን ለመነችው። «ኦቦ ዋጋሪ፣ አንዲት ቃል ብቻ ንገርልኝ። ‹ልጅህ ልሂድ ወይ ትላለች› በለው።»

ዋጋሪ ግራና ቀኙን አየ። «እኔ የውጭ በር ዘበኛ ነኝ። ምሳ ዕቃውን ተቀብዬ ለውስጥ ዘበኛ እሰጣለሁ፣ ባዶውን ይሰጠኛል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንቺም አታይም፣ እኔም አላይም። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር አታምጪብኝ።»

ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈለገች። ማታ እናቷን «ነገ አንጮቴ እንሥራለት» አለቻት። አንጮቴ በወለጋ ለመስቀል የሚቀርብ የሥር ተክል ነው፤ ድርቤ ግን ካለፈው ዓመት መሬት ውስጥ የተወችው ነበራት። ረቡዕ ጠዋት ቆፍራ አወጣችው፣ ቀቀለችው፣ ልጣጩን አንስታ በቅቤ አሸችው። ገቢሳ ከምግብ ሁሉ የሚወደው እሱን ነው። ቤት ሳለ የመሐሉን፣ ቅቤው የጠጣውን፣ ለድንቅነሽ ነበር የሚያስተርፈው።

ድንቅነሽ ለማንም ሳትናገር ከራሷ ጋር ተስማማች። ጉርሻዋ ተርፋ ከመጣች አባቷ ደህና ነው፤ ጠግቧል፤ ትሄዳለች። ባዶውን ከመጣ፣ ያ ታሞ እንኳ የልጁን ድርሻ የማይነካ ሰው ከነካ፣ ረሃቡ ምን ያህል ቢሆን ነው? ስንቁ ላንድ ቀን እንኳ ሊቋረጥበት አይገባም።

ምሳ ዕቃውን ለዋጋሪ ሰጥታ የግቢውን አጥር ተደግፋ አንድ ሰዓት ያህል ቆመች። ዝናብ ጀመረ። የስንቅ አቀባዮቹ ሴቶች ነጠላቸውን ደርበው ተጠጋጉ። ከመካከላቸው አንዷ ተጠርታ ሄደች። ምግቧ ሳይከፈት፣ ከአንድ ጥቅል ልብስ ጋር ተመለሰላት። «ከእንግዲህ አታምጪ» አሏት። ሴቲቱ አልጮኸችም። ልብሱን አሽትታ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በር ላይ የማያውቅ አልነበረም። ድንቅነሽ በልቧ፣ እኛን እንዲህ አላሉንም፣ አለች። ምሳ ዕቃችን አሁንም ይገባል።

«ኢንተላ ገቢሳ!» ሲል ዋጋሪ ተጣራ።

ከፈተችው። ባዶ ነበር። ቅቤው ሳይቀር ተልሷል።

*

«አንጮቴውንም?» አለች ድርቤ በደስታ። «አላልኩሽም? ነገ በሰላም ትሄጂያለሽ።» ልብሷን አጣጥፋ በከረጢት አሰረችላት። «እኔ አልሸኝሽም። ካለቀስኩ አልለቅሽም። ነገ ገበያ እወጣለሁ፤ ስመለስ እዚህ እንዳላገኝሽ።»

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ድንቅነሽ ክሊኒኩ በር ላይ ደረሰች። ላንድሮቨሩ ሞተሩ ተነስቶ ነበር። ሲስተር ኔሊ ከረጢቱን ስታይ ፈገግ አለች። ቀጥሎ በድንቅነሽ ሌላ እጅ ላይ ምሳ ዕቃውን አየች፤ ፈገግታዋ ጠፋ።

«አባቴ ርቦታል» አለች ድንቅነሽ።

ሲስተር ኔሊ አቀፈቻት። ድንቅነሽ ፖስት ካርዱን ልትመልስላት ብትዘረጋም አልተቀበለቻትም። መኪናው የአዲስ አበባን መንገድ ያዘ። ድንቅነሽ ጠጠሩ ላይ የቀረውን የጎማ ዱካ እያየች ጥቂት ቆየች።

ድርቤ ከገበያ ስትመለስ ልጇ ሽሮ እያማሰለች አገኘቻት። ዘንቢሏ ከእጇ ወደቀ። በጥፊ መታቻት፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ከዚያ አጠገቧ ተቀምጣ ማማሰያውን ተቀበለቻት።

«ጨው አነሰው» አለች።

ስድስት ሰዓት ላይ ድንቅነሽ ሰልፍ ላይ ነበረች።

*

መስከረም 3 ቀን 1973 ዓ.ም. አንድ ሰው በራቸውን አንኳኳ። ፀጉሩ የተላጨ፣ ጫማው የሁለት ዓይነት ነበር። ስሙ አዱኛ እንደሆነ፣ የደምቢ ዶሎ ሰው እንደሆነ፣ ትናንት በምሕረት እንደተፈታ ተናገረ። የገቢሳ ጎን ነበር የሚተኛው።

ድርቤ «ደህና ነው? ይበላል?» አለችው።

ሰውየው አልቀመጥ አለ።

«ለስም ጥሪ ነው ብለው አንድ ጠዋት ወሰዱት። አልተመለሰም። ከመዝገብም አልሰረዙት። ምሳ ዕቃው ግን በስሙ መምጣቱን ቀጠለ። መጀመሪያ ቀን ልመልሰው ነበር። አገሬ ሩቅ ነው። ስንቅ የሚያመጣልኝ የለም። ከመለስኩት ደግሞ ‹እንደማይመለስ ማን ነገረህ› ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ይህ እውነት ነው። ግን ርቦኝም ነበር። እሱም እውነት ነው።»

ድርቤ ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ቁጭ አለች። ድንቅነሽ ሰውየውን ትክ ብላ አየችው።

«አንጮቴውንም የበሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

ቀኑን ጠየቀችው። ቀኖቹን ግድግዳ ላይ በጥፍሩ ይጭር ስለነበር ያስታውሰዋል። ገቢሳ ከዚያ ግቢ የተወሰደው ግንቦት 27 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው፤ የሲስተር ኔሊ መኪና ከነቀምቴ ከመነሳቱ ከሃያ አራት ቀን በፊት።