ከወንበሯ አጠገብ ያለችው ወፍ

ተመራማሪዋ ሞታ የተገኘችው ወፎቿን በምትፈትንበት የእንጨት ቤት፣ ወንበሯ ላይ፣ ብርድ ልብስ እስከ አገጯ ለብሳ ነው። ሐኪሙ እንዳለው ሻይዋ ውስጥ የነበረው የእንቅልፍ መድኃኒት ለሳሏ ከጠጣችው ኃይለኛ ሽሮፕ ጋር ተደርቦ ትንፋሿን አቁሞታል። ይህን ለሽማግሌ አባቷ የነገራቸው የለም። ባሏ ደግሞ መድኃኒት ቤት አለው። ፖሊሶቹ ከዚህ በላይ ማሰብ አላስፈለጋቸውም፤ ሊያስሩት ተነሱ።

መርማሪዋ ግን ለጥድፊያ ጆሮ አትሰጥም። የሟችን ረዳት ጠራች።

«ወፎቹ የሚፈተኑት እንዴት ነው?»

«በስደታቸው ወቅት ሲመሽ ወደ ደቡብ ካልበረርን ይላሉ። ሰማይ በማያዩበት ጎጆ እናስገባቸዋለን። ሲዘሉ ጥፍራቸው ወረቀቱን ይጭራል፤ በጭረቱ ወዴት እንዳሰቡ እናውቃለን። በዙሪያቸው ባለው ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ ስንለቅ የመሬት መግነጢስ አቅጣጫው ይለወጥባቸዋል። አብረው ከዞሩ መግነጢስ ይሰማቸዋል ማለት ነው።»

«ትናንት ተለቆ ነበር?»

«ጠፍቶ ነበር።»

«ብረት ቢገባስ?»

«ልፋታችን ገደል ይገባል! ምስማር እንኳ የለንም። አባቷንም በተሽከርካሪ ወንበራቸው አታስገባም ነበር።»

መርማሪዋ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ባልን፣ አባትንና ረዳቷን ሳሎን ሰበሰበች።

«ሁሉም ወፎች ወደ ደቡብ ዘለዋል። ከሟች ወንበር አጠገብ ያለችው ብቻ መንገድ ስታለች። ኤሌክትሪክ ቢሆን ሁሉም ይስቱ ነበር። ስለዚህ እሷ ጎን ብረት ቆሟል፤ ጭረቱ ብዙ ነውና ቆይታው ረጅም ነው። ሊገድል የመጣ ሰው ደግሞ ብርድ ልብስ አያለብስም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባባ፣ ገብተው ነበር?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

«ገብቻለሁ። ሥራዋን አበላሸሁ እንዳልባል ደበቅኩ። ልጄ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም ነበር። እኔ ከምውጠው ኪኒን በሻይዋ አሟሟሁላት፤ ወዲያው ተኛች። ሳያት አመሸሁ።» ቀና አሉ። «ታዲያ ከእኔ በኋላ ማን ገብቶ ገደለብኝ?»

ረዳቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። መርማሪዋ ያን ቀን ብልህነቷን ጠላችው። ባልየው ግን ብድግ አለ።

«እኔ ነኝ! ሽሮፑን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ የገደልኳት፤ ውሰዱኝ!»

ሽማግሌው አማቻቸውን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ መርማሪዋን አዩ። ዓይኗን ስትሰብር ነገሩ ገባቸው።

«ዝም በል ልጄ» አሉት። «ሻዩን የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

ባልየው ተንበርክኮ እጃቸውን ያዘ። እሳቸው ግን ለራሳቸው ይመስል ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ትንፋሿን ስሰማ ነበር እኮ። ዝግ ሲል ጊዜ ደስ አለኝ፤ እንቅልፏ ጸናላት ብዬ።»