ከሙርሳል መኪና ሥር

የኻሚስን አስከሬን ሰው ተረባርቦ ከመኪናዋ ሥር አውጥቶ በነጠላ ሸፍኖታል። ግራዝማች ዋኘው ከበቅሎ ሲወርዱ ግን ዐይናቸው ያረፈው ከሾላው ግንድ ጋር በታሰረው ሰው ላይ ነበር። ሻዕባን ይባላል፤ ቀርከሃ ቆራጭ ነው። እጁ ከገመዱ በታች አብጧል።

«ማን አሰረው?»

«እኔ ነኝ» አለ የመኪናዋ ባለቤት ነጋዴው ሙርሳል። «የሟች ወንድሞች ከሆሞሻ ተነሥተዋል፤ ለዐስር ሶላት ይደርሳሉ። አገሬው ሁሉ ኻሚስን የገደለው የሻዕባን ቀርከሃ ነው ይላል። ቢሸሽ ጫካ ውስጥ ያርዱታል። እዚህ ቢሆን ዳኛ ይደርስለታል ብዬ ነው።»

ግራዝማች ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ። ለዐስር ሁለት ሰዓት ቢቀረው ነው። ከመተከል ጫፍ፣ ደጋና ቆላ ከሚገናኙበት የመጡ፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ፣ ዐይናቸው ግን የማያንቀላፋ ዳኛ ነበሩ።

«ኻሚስ ምንህ ነበር?»

«መኪናዋን ጠጋኝ። ከሰኞ ጀምሮ መንዳቱንም ለእሱ ልሰጠው ነበር። ትናንት በሰው ፊት ነገርኩት፤ ደስታውን እንኳ አልጠገበም» አለ ሙርሳል።

የሚወራው እንዲህ ነው። ኻሚስ የመኪናዋን ኋላ አንሥቶ በሻዕባን ቀርከሃ ደገፈና ሥሯ ገባ፤ ቀርከሃው ተሰባበረ፤ መኪናዋ ደረቱ ላይ ወረደች። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታልና፣ ሻዕባን ባለፈው ወር ከሟች ጋር መጣላቱም ተጨመረበት።

ግራዝማች ተንበረከኩ። የፊት ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ተወትፈዋል። መኪናዋን የሚያነሣው ክሪክ በጎኑ ወድቋል፤ ብረቱ ግን እንደተዘረጋ ነው። በመስከረሙ እርጥብ መሬት ላይ አራት ማዕዘን የሆነ ጥልቅ አሻራ ይታያል። አጠገቡ አራት የተሰባበሩ የቀርከሃ ቁራጮች አሉ። አንዱን አንሥተው ወደ ፀሐይ አዙረው ውስጡን አዩና መልሰው አስቀመጡት።

የሟች ሚስት ኢቲዳል ከሬሳው አጠገብ ተቀምጣለች።

«እኅቴ፣ ባልሽ መኪና ሲያነሣ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሁልጊዜ አያለሁ። መጀመሪያ ጎማ ላይ ድንጋይ ያደርጋል። ከዚያ በዐፍሪታ ያነሣል።» ክሪኩን በጣቷ አሳየች። «ከዚያ ግንድ ያስገባል፤ መኪናውን ግንድ ላይ ያወርዳል። ዐፍሪታውን ያጥፋል፤ ጎኑ ያስቀምጣል። በሁለት እጅ ይገፋል፤ ካልተነቃነቀ ይገባል። ዐፍሪታ አይታመንም ይላል።»

«በቀርከሃ ደግፎስ ያውቃል?»

«እሱ? እሱ አልጋ ላይ ሲወጣ እንኳ መጀመሪያ ይነቀንቃል!» አለችና ሳቋ ሳታስበው አመለጣት። ወዲያው የሻሽዋን ጫፍ አፏ ላይ ጫነች። ግራዝማች ፊታቸውን አዞሩ።

ወደ ሻዕባን ሄዱ።

«ቀርከሃ ለኻሚስ ሰጥተሃል?»

«እኔ ለሙርሳል ጣራ አመጣ፤ ያው ክምሩ። ለመኪና አልሰጠም። ከኻሚስ ተጣላ፣ ግን ታረቀ። ወላሂ!» አለ በሰባራ አማርኛው።

«የት ቆረጥኸው?»

«እዚሁ፣ ጋራው ሥር። ሌላ ቦታ አያውቅም እኔ።»

የቀረው ሾፌሩ ገብረ ሥላሴ ነበር፤ ኻሚስ በቀርከሃ ሲደግፍ አየሁ ያለው እሱ ብቻ ነው። ግራዝማች ጎጆው ድረስ ሄዱ።

«እሱ ሲደግፍ አየሁና ወደ ወንዝ ወረድሁ፣ ጌታዬ። ጧ ሲል ሰማሁ፤ ሮጬ ስደርስ አልቋል።»

«ነፍስ ይማር። አልጋህ ምነው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ?»

«እግሩን ምስጥ በላው። የዚህ አገር ምስጥ ብረትም አይምርም!»

«የቀርከሃ አልጋ ነው?»

«አዎ፤ ከደጋ፣ ከአገሬ ያመጣሁት።»

ግራዝማች ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። ከጓሮው የማገዶ ክምር ውስጥ የጥቁር ቅባት ጠብታ ያለበት አራት ማዕዘን ጉማጅ ግንድ አገኙና አስይዘው ተመለሱ። ሰውን ሁሉ ሾላው ሥር ሰበሰቡ።

«በክሪኩ እንጀምር» አሉ። «ኻሚስ መኪናዋን ግንድ ላይ ካወረደ በኋላ ያጥፈዋል። ይህ ተዘርግቶ ነው የወደቀው። እንግዲህ ሰውየው ሥሯ ከገባ በኋላ ሌላ እጅ እንደገና አንሥቷታል።»

«ታዲያ ለምን አልወጣም?» አለ ሙርሳል።

«ትንሽ ከፍ ላድርግልህ ያለው የሚያውቀው ሰው ስለሆነ። መኪናዋ ከግንዱ ጣት ያህል ስትነሣ ግንዱ ተጎተተ፤ ክሪኩም በእግር ተገፋ።»

ጉማጁን አሻራው ላይ አስቀመጡት። ልክክ አለ። ኢቲዳል ጮኸች።

«አሁን ሻዕባንን ፍቱት። አንተም ከክምርህ ወፍራሙን ምረጥና ቁረጥ።»

ሻዕባን በደነዘዘ እጁ ምሳሩን አነሣ። የተቆረጠው ቀርከሃ ውስጡ ድፍን ነበር። ግራዝማች ከመኪናዋ ሥር የተገኘውን ከጎኑ ያዙት፤ ባዶ፣ ውሃ መቅጃ የሚሆን።

«የቆላው ድፍን ነው፤ ባዶው የደጋው ነው። ጋራው ሥር የሚቆርጥ ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ገብረ ሥላሴ፣ የሻዕባን ቀርከሃ አልሰበር ሲልህ የሚሰበረውን ፈለግህ። ቀርከሃ ሁሉ አንድ ነው፣ ማን ይለየዋል አልህ። የአልጋህ እግር አራት፣ ይህም አራት። ምስጥ የበላው ደግሞ አፈር ይሆናል እንጂ እንዲህ አይሰነጠቅም።»

ገብረ ሥላሴ ወዲያና ወዲህ አየ፤ መውጫ አልነበረም።

«ይህችን መኪና ከድንበር ያመጣኋት እኔ ነኝ!» አለ። «ሕፃኑም ሽማግሌውም ‹ሾፌሩ መጣ› ይለኝ ነበር። ሙርሳል ግን በሰው ፊት፣ ‹ከሰኞ ጀምሮ በቅሎ ጫን› አለኝ። እንዴት አድርጌ በመንደሩ ልለፍ?»

ሙርሳል አንገቱን ደፋ። ትናንት ለብቻው ጠርቶ ሊነግረው ይችል ነበር።

ሾፌሩን አስረው ሲወስዱት የኻሚስ ወንድሞች ደረሱ፤ አምስት ነበሩ፣ ጦር ይዘዋል። ሻዕባን ካለበት አልተንቀሳቀሰም። ግራዝማች ታላቅየውን ጁምዓን ገለል አድርገው ነገሩት። ጁምዓ ጦሩን ሾላው ላይ አስደግፎ ወደ ሻዕባን መጣ።

«ሻዕባን አንተ ነው?»

«እኔ ነው።»

«ከሆሞሻ እስከዚህ ስምህን እየጠራ መጣ እኛ። ልገድልህ ነበር። አላህ አዳነህ። እኔንም አዳነኝ። ወንድሜን አብረኸን ቅበር።»

ቀኑን ሙሉ ያልወረደው የሻዕባን እንባ አሁን ወረደ፤ ባበጠ እጁ የአስከሬኑን አንድ ጫፍ ይዞ ከወንድሞቹ ጋር አነሣ።