«ራሚፋይ» የተባለው ግስ እና የዶክተር ሆልክሮፍት ሞት

የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጅ ዶክተር ሆልክሮፍት ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ተገኙ። ጭንቅላታቸውን የመታቸው የወረቀት መጫኛ ብረት እግራቸው ሥር ወድቋል። ያገኘቻቸው ረዳታቸው ሄስተር ላቪክ ናት፤ መከራዋም ከዚያ ጀመረ። በሩ ሲዘጋ ራሱን ይቆልፋል፤ ቁልፉ ያለው በሟቹና በእሷ እጅ ብቻ ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ ያንኑ ጥያቄ ስትመልስ ሰነበተች። ጠበቃዋ እንኳ ዐይኗን ማየት ትቷል። ከተማው ውስጥ መሰቀሏ እንደማይቀር ይወራል፤ የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጣች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ኢንስፔክተር ትራንተር እሷንና አንጋፋውን ረዳት ክራብትሪን በዚያው ክፍል ሰበሰበ፤ በሩን ፖሊስ ይዞታል። ከጠረጴዛው ላይ አንድ እስር ብጣሽ ወረቀት አነሣ። አንባቢዎች ከየመጽሐፉ ቀድተው የላኳቸው ጥቅሶች ናቸው፤ ሁሉም ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ግስ፣ ስለ «ራሚፋይ»።

«ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይ በኩል ነው የመጣው፤ ሥሩ ቅርንጫፍ ነው አሉኝ» አለ ዝግ ብሎ። «ዛፍ ቅርንጫፍ ሲያወጣም፣ ነገር ሲሰፋና ሲዛመትም ይባላል። ሟቹ የቱን አስቀደሙ፣ ሚስ ላቪክ?»

«ዛፉን። በሞቱበት ዕለት ጠዋት እሳቸው ለማተሚያ ቤት የላኩትን በእጄ የገለበጥኩት እኔው ነኝ።»

«እዚህ ግን የነገሩ ፍች ቀድሟል። ደሙም ላይኛው ወረቀት ላይ የለም፤ ሦስተኛው ላይ፣ አርባኛው ላይ፣ ሰባኛው ላይ አለ። እንግዲህ የተደረደሩት ደም ከነካቸው በኋላ ነው። ሲመቷቸው ወረቀቱ ወለሉ ላይ ተበተነ፤ ገዳዩ ለቀመና እንደ እምነቱ ደረደረው።»

የነገሩ ፍች ይቅደም እያለ ሦስት ዓመት ከአለቃው ጋር ሲሟገት የኖረው ክራብትሪ ነው። ጽሑፉ ደግሞ ያን ዕለት ተልኳል፤ አንዴ ከታተመ አይመለስም። ቁልፍ ባይኖረውም፣ ቢያንኳኳ በሩን ሟቹ ራሳቸው ይከፍቱለታል፤ ሲወጣም በሩ ራሱን ይቆልፋል።

ክራብትሪ ፈገግ አለ። ልጅቷም ብትሆን እሱን ለመወንጀል እንዲህ ልትደረድረው ትችላለች ሲል ተከራከረ።

«ትችላለች። እንግዲያው ይህ አደራደር ስሕተት ነው ይበሉና ፈርመው ይሂዱ። ለማተሚያ ቤቱም እንዲሁ እንጽፍለታለን።»

ክራብትሪ ብዕሩን አነሣ። ያ ሰው አንዲት ቃል ቢጽፍ ሄስተር ማለቋ ነው። እሱ ግን ወረቀቱን ትክ ብሎ አየና ብዕሩን መልሶ አስቀመጠው።

«ስሕተት አይደለም» አለ። «የተሳሳቱት እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜም እንደ ነበረ ልመልሰው ብል እጄ እምቢ አለኝ።»

ፖሊሱ ይዞት ወጣ። ሄስተር ወንበሩ ላይ ዘጭ ብላ፣ ሰው አየኝ ሳትል ተንሰቅስቃ አለቀሰች፤ ለራሷም ለሟቹም።