ሦስት ጊዜ የተነቀለው ሶኬት

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ኬሚስትሪ ነው የተማርኩት፣ ልጅ ሆኜ ዲክሲስ ከተማ እያለን ጎረቤት ስለ ጥላ ወጊ መንፈስ ሲያወራ እንኳ ስቄ የምነሳ ነበርኩ፣ ግን የደረሰብኝን ልንገራችሁ፣ ከፈለጋችሁ አትመኑኝ።

አሰላ የማስተርስ ጥናቴን እየሠራሁ ነው፣ የተራዘመልኝ ጊዜ ሰኞ ያልቃል፣ ቀኑ ደግሞ ቅዳሜ። ለመጨረሻው ሙከራ ኤተር የሚባለው ፈሳሽ ንጹሑ ያስፈልገኛል፣ ያለው ግን ዓመታት የቆየ፣ «እንዳይባክን» ተብሎ የሦስት ጠርሙስ ትራፊ አንድ ላይ የተገለበጠበት ነው። የቆየ ኤተር ውስጡ የሚፈነዳ ነገር ያበጃል፣ ሳይፈተሽ አይነጠርም፣ ሲነጠርም እስኪደርቅ አይተውም፣ ይህን ለተማሪ የማስተምረው እኔው ነኝ። መፈተሻው ካለቀ ሰንብቷል። ጨንቆኝ ነበር፣ ዝም ብዬ ማሞቂያው ላይ ጣድኩት።

የቤተ ሙከራውን በር ከውስጥ ቆለፍኩ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ እንፋሎቱን ለሚያቀዘቅዘው ቱቦ ከጄሪካን በጎማ ሳብኩለት፣ ኤተሩም ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ከዕቃው ሥር ትንሽ ሲቀር ማቆም ነበረብኝ፣ ግን የምፈልገውን ያህል አልሞላልኝም፣ ትንሽ ብቻ ልጠብቅ አልኩ።

ከኋላዬ ቀጭ አለ። ዞር ስል የማሞቂያው ሶኬት ተነቅሎ ወለሉ ላይ ወድቋል። ላልቶ ይሆናል ብዬ መልሼ ሰካሁት። ብዙም አልቆየ፣ ቀጭ። አሁን ገመዱ በሥርዓት ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፣ እውነቴን ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የለም። ዕንባዬ መጣ፣ «ማንም ሁን፣ ሰኞ ማለቄ ነው፣ እባክህ ተወኝ!» ብዬ ጮህኩና ደግሜ ሰካሁት።

ጩኸቴን ሰምተው ዘበኛው ጋሽ ገመዳ መስኮቱን አንኳኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?»

«ብቻዬን ነኝ፣ ጋሽ ገመዳ።»

ከትከሻዬ በላይ ትክ ብለው አዩ። «ያ ረቢ! ነይ ውጪ ልጄ። እሱን ተይው፣ አንቺ ብቻ ውጪ።»

ወጣሁ። በሩን ስዘጋ ከውስጥ ቀጭ ሲል ሁለታችንም ሰማን። ምን እንዳዩ ስንት ጊዜ ለመንኳቸው፣ «ተይኝ» ከማለት በቀር አይመልሱም።

ሰኞ አማካሪዬ በሩ ላይ ቆመው በሩቁ አዩትና ማንም እንዳይገባ ከለከሉ፣ የተጣደው ዕቃ ሥር ዙሪያውን ያ የሚፈነዳው ነገር ነጭ ሆኖ ጋግሮበታል። «ትንሽ ቢቆይ ኖሮ አንቺን አናገኝሽም ነበር» አሉኝ። ጊዜው አለቀ፣ ትምህርቱም በዚያው ቀረ። ሰው ሁሉ እግዜር አተረፈሽ ይለኛል፣ እኔም አሜን እላለሁ። ግን አማካሪዬ ያን ሲሉኝ ዓይኔ የተጠራቀመው ኤተር ላይ ነበር፣ ከምፈልገው ምን ያህል እንደጎደለ እያየሁ።