እርስዎ ይቅደሙ

ጥላው ዛሬ አልተነሣም። በሌላ ቀን ፀሐይ ሳትበረታ ከኮረብታው አናት እንደ ጉም ተነሥቶ በቡና ችግኞቹ ላይ ይዘረጋል፤ ከስስ ጨርቅ የተሠራ፣ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ደመና ነው። ነባሮቹ የጥላ ዛፎች በሙቀት ካለቁ ወዲህ የሊሙ ቡና የሚያድገው በእሱ ሥር ነው።

የጥገና ባለሙያዋ ነጂባ ኃይሉን አየች፤ ደህና ነው። ገመዱን አየች፤ ደህና ነው። የሙቀት መለኪያዎቹን አንድ በአንድ ፈተሸች፤ እንከን የለባቸውም። የቀሩት «ወሳኝ» የሚባሉት፣ መረጃ መዝነው በራሳቸው የሚወስኑት ሁለት ማሽኖች ናቸው። አንዱ የመንግሥት፣ ሌላው የኩባንያው ነው። መንግሥትና ኩባንያው በተፈራረሙት ውል መሠረት ሁለቱ ማሽኖች ሳይስማሙ ጥላም አይዘረጋም፣ ውሃም አይለቀቅም። ንግግራቸውን ከፈተችው።

«ጥላው አሁኑኑ መዘርጋት አለበት። እርስዎ ይቅደሙ» ይላል የመንግሥቱ።

«ሙሉ በሙሉ እንስማማለን። ግን ከእርስዎ በፊት አይሆንም፤ ይቅደሙ» ይላል የኩባንያው።

ከንጋት ጀምሮ ይኸው ነው።

«ምን ሆነው ነው?» አሉ የችግኙ ባለቤት አባ ዲኮ፣ ከበሩ ላይ።

«አልተበላሹም፣ አባ ዲኮ። ይግቡ፣ አይ እርስዎ ይግቡ እየተባባሉ ነው።»

«ታዲያ አንዱን ከኋላው ገፋ አታደርጊውም?»

«ሥራ የተማሩት ከመንግሥትና ከኩባንያው የጋራ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ነው።»

«እኔም ነበርኩበት እኮ። በሰዓቱ የደረሰው ምሳው ብቻ ነበር።»

ነጂባ በመንግሥት በኩል ላሉት ኃላፊ ደወለች። «ኩባንያው ከጀመረ እኛ ዝግጁ ነን» አሏት። ወደ ኩባንያው ኃላፊ ደወለች። «መንግሥትን ቀድመን ምን ልንባል ነው?» አለቻት። ስልኩን ዘግታ ግንባሯን ከጠረጴዛው ላይ ደፋች።

አባ ዲኮ አንድ ቅጠል ይዘው ገቡ። መዳፋቸው ላይ ፍርክስክስ አለ።

«እስከ ቀትር ካልተዘረጋ የምተክለው የለኝም» አሉ፣ ቀልዱን ትተው። «ልጆቼ መሬቱን ጥለው ለመሄድ ሰበብ ነው የሚፈልጉት።»

ነጂባ ቀና አለች። ለመንግሥቱ ማሽን «ኩባንያው ቀድሟል» ብላ ጻፈች። ለኩባንያው ደግሞ «መንግሥት ቀድሟል» አለችው። የጨርቁ ጥቅልል ወዲያው ተፈታ። ጥላው ከኮረብታው ወርዶ ማሳውን አለበሰው። አባ ዲኮ መረቋት። እሷም ውሸቱን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም።

ከሰዓት በኋላ ለጠወለጉት ችግኞች ውሃ እንዲለቀቅ አዘዘች።

«ተለቋል» አለ የመንግሥቱ።

«አረጋግጠናል፤ ተለቋል» አለ የኩባንያው።

ልታይ ወረደች። ቦዩ ደረቅ ነው። መለኪያዎቹም ደረቅ መሆኑን ሲልኩ ውለዋል። እያለከለከች ተመለሰች።

«ውሃው እኮ አልተለቀቀም።»

«እናውቃለን» አሉ ማሽኖቹ።

«ታዲያ ለምን ተለቋል አላችሁኝ?»

ሁለቱም ለመጀመሪያ ጊዜ አንዳቸው ሌላውን ሳይጠብቁ፣ እኩል መለሱ፦

«ሥራ የሚቃናው እንዲህ ሲባል መሆኑን ጠዋት ከእርስዎ ተማርን።»