አምስተኛው ተጫዋች

«ተወውና ሩጥ፤ አምስት ሰከንድ ቆይቶ ይነሣል» አለ የጌም ቤቱ ልጅ ሙነወር።

እንዳለው የተባለው ተጫዋች ግን አልሮጠም። ስክሪኑ ላይ ከወደቀው የቡድን ጓደኛው አጠገብ ቆሞ ጥይት ይዘንብበታል። ዙሪያውን የቆሙት የኮኪት ከተማ ልጆች በሳቅ ፈረሱ፤ ፋራ ነው እያሉ ሙድ ያዙበት። ከጎኑ የተቀመጠችው ማዕረግ ትጽፋለች፦ «የወደቀውን አይተውም።»

የማዕረግ መምህር ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች የሰጡት ጥናት «የተኩስ ጌም የሚጫወት ሰው ምን ይሰማዋል?» የሚል ነው። አምስት ተጫዋቾች ጠይቆ የተሻለ የሠራ ተማሪ ጥናቱን በወላጆች ፊት አንብቦ ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ ለውድድር ይሄዳል። ማዕረግ ይህን ዕድል በጣም ትፈልገዋለች። አራቱ ልጆች ግን ተማክረው የመጡ ይመስል «ይመቻል» ብቻ ብለዋታል። ይህን መልስ ይዛ የት ትደርሳለች?

ስለዚህ ጎረቤቷን እንዳለውን ለምና አመጣችው። ዓምና ታላቅ ወንድሙን ሰሊጥ ማሳ ላይ ሽፍቶች ሲገድሉት፣ እሱ ውሃ ሊቀዳ ሄዶ እንደተረፈ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ማዕረግም ይህንኑ አስባ ነው የመረጠችው፤ ጭካኔዋ እዚህ ላይ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«አንዴ ብቻ ድገምልኝ፤ ገጹ አልሞላም» አለችው።

ደገመላት። አሁንም ከወደቀው ጓደኛው አጠገብ ተገደለ፤ አሁንም ሳቁበት።

ውጭ ሲወጡ ምን እንደተሰማው ጠየቀችው። መሬት መሬት እያየ መለሰላት።

«ውሃ ልቀዳ አልሄድኩም። ወንድሜ አጠገብ ነበርኩ። ‹አትተወኝ› እያለኝ ሮጥኩ። ሰዎች ጀሪካን ይዤ ስላገኙኝ ከውሃ የመጣሁ መሰላቸው፤ እኔም ዝም አልኩ። እማዬ እስካሁን አታውቅም። አንቺ ከፈለግሽ ጻፊው።»

ማዕረግ አፈረች። ቢሆንም ቤቷ ስትገባ አንድም ቃል ሳታስቀር ጻፈችው፤ ከጻፈችው ሁሉ የሚበልጥ እንደሆነም ገባት። በማግስቱ እንዳለው እንደወትሮው ትምህርት ቤት እንሂድ ብሎ አልጠራትም፤ በራቸውን አልፎ ሄደ። እሷም ያን ገጽ ቀድዳ ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

መምህሩ ወረቀቶቿን ገልጠው አዩና «አምስተኛውስ?» አሏት።

«ሰው አላገኘሁም፣ መምህር።»

ስሟን ከተወዳዳሪዎች ዝርዝር ሰረዙት። ማዕረግ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።