ፎልደሮቹን ያስተካከለችው ልጅ

«ገጹ አልተገኘም።»

ጉንጮ ቁልፉን ደጋግሞ ተጫነው፤ ስክሪኑ ግን ያችኑ ዐረፍተ ነገር ይዞ ድርቅ አለ። የኮምፒውተር ክበቡ ሁለት ወር ሙሉ የለፋበት የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ድራሹ ጠፍቷል። ዳይሬክተሯ ሊያዩት የቀራቸው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

«ትናንት ይሠራ ነበር እኮ» አሉ የኮምፒውተር መምህሩ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «ምን ነክተህ ነው?»

«ኧረ ቲቸር! ዛሬ ገና መክፈቴ ነው! እናቴ ትሙት!»

«አንተንና ጌምህን አላውቅምና! ካልተስተካከለ ከክበቡ ትወጣለህ፤ አለቀ።» መምህሩ ፕሮጀክተር ሊያመጡ ወጡ።

ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። የነካችውን ሁሉ ቦታ ቦታ ስለምታስይዝ ክፍሉ «መጥረጊያ» ይላታል፤ እሷም ስሙን ትወደዋለች። ትናንት ሁሉም ሲወጡ ብቻዋን ቀርታ የፕሮጀክቱን ፎልደሮች ብታያቸው አላስቻላትም። የመጻሕፍቱ ገጽ አንድ ቦታ፣ የመጻሕፍቱ ፎቶ ሌላ ቦታ! ምን ዓይነት ዝርክርክነት ነው? ስለ መጽሐፍ የሆነውን ሁሉ «መጻሕፍት»፣ ስለ ንባብ ሰዓት የሆነውን ሁሉ «ሰዓት» በሚል ፎልደር ሰብስባ፣ ደረቷን ነፍታ ነበር ቤቷ የገባችው።

«በቃ፣ ተበላሁ» አለ ጉንጮ።

«ዞር በል፣ እስቲ ልየው።»

መምህሩ መጀመሪያ ያሠሯቸውን የመለማመጃ ፕሮጀክት ጎን ለጎን ከፍታ ታስተያይ ጀመር። እዚያ ገጾቹ በሙሉ «ፔጅስ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ናቸው፤ የእነሱ «ፔጅስ» ግን ባዶውን ቀርቷል። የመግቢያውን ገጽ ብቻ መለሰችና ከፈተችው። የቤተ መጻሕፍቱ ስም ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ!

«እንዴ! ምን አደረግሽው?»

«ቆይ፣ ቆይ…» ፎቶዎቹን «ፐብሊክ» ወደሚባለው መለሰቻቸው፤ እነሱም ብቅ አሉ። ያን ጊዜ ነገሩ ቦግ ብሎ በራላት። «ጉንጮ፣ ገባኝ! ፎልደሮቹ የተከፈሉት በየሥራቸው ነው! ገጽ ከሆነ እዚህ፣ ፎቶ ከሆነ እዚያ፣ በየገጹ የሚደጋገመው ማውጫ ደግሞ ‹ኮምፖነንትስ› ውስጥ። ፕሮግራሙ ለይቶ የሚያውቀው እነዚህን ቤቶች ብቻ ነው፤ እዚያ ካጣ የለም ይላል!»

«አንቺ ልጅ፣ ጭንቅላትሽ ውስጥም ፎልደር ሳይኖር አይቀርም!»

የቀሩትንም ፋይሎች በየቦታቸው መለሰች። መምህሩ ከዳይሬክተሯ ጋር ሲገቡ ድረ ገጹ ከነፎቶው ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው።

«እሷ ናት ያስተካከለችው!» አለ ጉንጮ፣ ራሱ የሠራው ያህል ኮርቶ።

«ጎሽ የኔ ልጅ!» አሉ መምህሩ። ወደ ዳይሬክተሯ ዞር ብለውም «ይሄ ቀልደኛ ያበላሸውን እሷ አቃናችው» አሏቸው።

ጉንጮ አንገቱን ደፋ።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ግን የገባት ነገር ደረቷን ሞልቶ ሊፈስ ደርሷል፤ ከየት ተነስታ እንደገባት ሳትናገር ግማሹን ብቻ ልታወራው ነው?

«ማነው ታዲያ የሚያስረዳኝ?» አሉ ዳይሬክተሯ።

መጥረጊያ ለጉንጮ ከጎኗ ወንበር ሳበችለትና ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረች።

«እኔ» አለች ቀና ብላ። «ትናንት እኔው እንዴት እንዳበላሸሁት ልጀምርልዎት።»